ከፍርስራሽ የወጣው ግራጫ ሰሌዳ፦ አስቤስቶስ መሆኑ በምን ይታወቃል? ዓይነቱስ?

ደሴና ኮምቦልቻ ሰሞኑን ማፍረስና ማደስ በዝቷል። በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር የነበሩ አሮጌ ቤቶች ይነሳሉ፣ በ2014ቱ ጦርነት የተጎዱ ሕንፃዎች ይጠገናሉ፣ አቅም ያገኘም የአባቱን ቤት ጣራ ይቀይራል። በዚህ መሀል ከቆርቆሮ ወፈር ያለ፣ ሞገድ ያለው፣ ሲመቱት ከመጣመም ይልቅ የሚሰበር ግራጫ ሰሌዳ ብቅ ካለ ክርክር ይነሳል። አንዱ «ኢተርኒት እኮ ነው፣ የድሮ ጥሩ ዕቃ!» ብሎ ለዶሮ ቤት ሊወስደው ያነሳዋል። ሌላው «አስቤስቶስ ነው፣ ካንሰር ያመጣል» ብሎ ያስጥለዋል። ሦስተኛው ከየት እንደሰማው እንጃ፣ «ነጩ ምንም አይል፤ አደገኛው ሰማያዊው ነው» ብሎ ሊያስታርቃቸው ይሞክራል።

ሦስቱም ትንሽ ትንሽ እውነት ይዘዋል። ግን ሦስቱም የፈረዱት በዓይናቸው አይተው ነው፤ የአስቤስቶስ ነገር ደግሞ በዓይን አይፈረድም። ዓይነቱ በምን እንደሚለይ፣ መለየቱ መቼ ቁም ነገር እንደሚሆንና መቼ ዝም ብሎ ጊዜ ማባከን እንደሆነ ቀስ ብለን እንየው።

አንድ ስም፣ ስድስት ማዕድን

አስቤስቶስ ፋብሪካ የፈጠረው ኬሚካል አይደለም። ከመሬት የሚቆፈር ድንጋይ ነው። ከሌላው ድንጋይ የሚለየው ሲደቆስ በቁመቱ እየተሰነጠቀ ቀጭን ክር መሆኑ ነው። ክሩ አይቃጠልም፣ ሲጎተት ቶሎ አይበጠስም፣ ውሃም አያበሰብሰውም፣ ዋጋውም ርካሽ ነበር። ሉድቪግ ሃቼክ የተባለ ኦስትሪያዊ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ይህን ክር ከሲሚንቶ ጋር ደባልቆ ስስ ሰሌዳ መሥራት ቻለና ምርቱን ኢተርኒት አለው። በጭቃ ቤት ግድግዳ ውስጥ ጭድ የሚሠራውን ሥራ ነው በሲሚንቶው ውስጥ የሚሠራው፤ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳው ያልደረሰበት አገር የለም ማለት ይቻላል።

በንግድና በሕግ «አስቤስቶስ» የሚባሉት ማዕድናት ስድስት ናቸው፤ በሁለት ቤተሰብ ይመደባሉ።

የመጀመሪያው ቤተሰብ ሰርፔንታይን ይባላል። ከዚህ ቤተሰብ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ክሪሶታይል፣ በተለምዶ ነጭ አስቤስቶስ የሚባለው። ማግኒዥየምና ሲሊኮን ያለበት እጅግ ስስ ንጣፍ ራሱን ጠቅልሎ ክር ስለሚሆን ክሩ ለስላሳና ጥምዝምዝ ነው። በዓለም ላይ ለንግድ ከዋለው አስቤስቶስ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ይሄ ነው።

ሁለተኛው ቤተሰብ አምፊቦል ነው። የዚህ ቤተሰብ ክሮች ቀጥ ያሉና ደረቅ ናቸው፣ ሲሰበሩም ሹል ይሆናሉ። አምስት ናቸው። ከነሱ ውስጥ ገበያ በደንብ የገቡት ሁለት ናቸው፦ አሞሳይት (ቡናማው) እና ክሮሲዶላይት (ሰማያዊው)። ቡናማው በብዛት የተቆፈረው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ሰማያዊው ደግሞ ደቡብ አፍሪካና አውስትራሊያ። የቀሩት ትሬሞላይት፣ አክቲኖላይትና አንቶፊላይት ናቸው። እነዚህ በራሳቸው ብዙም አልተሸጡም፤ በተለይ ትሬሞላይት ሌላ ማዕድን ውስጥ ተደባልቆ ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ ነው። ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

በነገራችን ላይ ደሴ የተቀመጠችበት፣ ጦሳ ተራራም የተሠራበት ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። አስቤስቶስ የሚቆፈርበት ዓይነት አለት አይደለም። ስለዚህ ለግንብ ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው በዚህ በኩል አይስጋ። ጉዳዩ ተጭኖ የመጣው ነገር ነው።

የትኛው ዓይነት የት ይገባ ነበር?

ይሄ ጥያቄ ጠቃሚ ነው። ዓይነቱ በዘፈቀደ አልነበረም የሚገባው፤ እንደ ሥራው ነበር።

የጣራ ሞገድ ሰሌዳ፣ ጠፍጣፋ የግድግዳ ሰሌዳ፣ አሸንዳና የሲሚንቶ ውሃ ታንከር ባብዛኛው የያዙት ክሪሶታይል ነው፤ ከክብደቱም ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሆናል። የቀረው ሲሚንቶ ነው። ግን «የጣራ ሰሌዳ ከሆነ ነጭ ብቻ ነው» ማለት አይቻልም። አምራቾች በአንድ ወቅት ሰማያዊውን ወይም ቡናማውን ትንሽ ጨምረውበታል፤ በተለይ ግፊት ለሚችል የውሃ ቧንቧ ሰማያዊው ተወዳጅ ነበር።

ቡናማው ይበልጥ የተወደደው እሳት ለሚከላከልና ሙቀት ለሚይዝ ለስላሳ ሰሌዳ ነው፤ ለኮርኒስ፣ ለክፍል መለያ፣ ለበር ውስጠኛ ክፍል። ይሄ ሰሌዳ ከሲሚንቶው የሚለየው ሲነኩት ነው፦ ቀለል ይላል፣ ለስለስ ይላል፣ ጫፉን ሲጫኑት ይፈረፈራል። የያዘው የክር መጠንም ከጣራው ሰሌዳ በጣም ይበልጣል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በእንፋሎት ቧንቧና በቦይለር ላይ የሚጠቀለለው ወይም በብረት ምሰሶ ላይ የሚረጨው ሽፋን ነው። እዚያ ሰማያዊውም ቡናማውም ገብቷል፣ ክሩንም የሚይዘው ነገር በጣም ትንሽ ነው።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቆዳ፣ ቢራ ሁሉም እንፋሎት የሚፈልግ ሥራ ነው። እገሌ ፋብሪካ ውስጥ አለ ለማለት አይደለም። ግን የትም አገር ቢሆን የቆየ ቦይለር ቤት ሲታደስ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በቧንቧው ላይ ያለው ነጭ ልባስ ነው። እሱን ሳያስመረምሩ የቀን ሠራተኛ በመዶሻ ማስገባት ከማንም ጣራ የባሰ አደጋ ነው። ጋራዥ ውስጥም ያው ነው፤ የድሮ የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮንና ጋርኒሲዮን ክሪሶታይል የያዙ ነበሩ፣ በአንዳንድ አገርም ዛሬ ድረስ ይመረታሉ። የፍሬን ከበሮ በኮምፕሬሰር አየር እፍ ብሎ ማጽዳት ስለዚህ ጥሩ ልማድ አይደለም። (ይሄ ከሕንፃ ትንሽ ይወጣል፤ ግን ኮምቦልቻን የሚያውቅ ስንት ከባድ መኪና እንደሚቆምባት ያውቃል።)

በሌላ በኩል ፍርሃቱም ልክ ይኑረው። የደሴ አብዛኛው መኖሪያ ቤት ጭቃ ወይም ብሎኬት ነው፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ ማዳበሪያ፣ ኮምፔንሳቶ ወይም ቺፕውድ ነው። ከነዚህ ውስጥ አስቤስቶስ የለም። ቢጫው የመስታወት ሱፍም ቆዳ ያሳክካል እንጂ አስቤስቶስ አይደለም። አስቸጋሪው የዛሬው የሲሚንቶ ሰሌዳ ነው። በአስቤስቶስ ፋንታ የወረቀት ወይም የፕላስቲክ ክር የገባበት አለ፤ ከድሮው ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ ባለሙያም ሊሳሳት ይችላል።

በዓይን፣ በቀለም፣ በላይተር

ነጭ፣ ቡናማ፣ ሰማያዊ የሚሉት ስሞች የጥሬው ማዕድን ቀለም ናቸው። ሲሚንቶ ውስጥ አንዴ ከገቡ ሁሉም ግራጫ ነው። ስብራቱ ላይ ወጣ ወጣ ያሉ ክሮች ቢታዩም ሰማያዊው በአቧራና በሲሚንቶ ተለብጦ ነጣ ሊል ይችላል። ቡናማውም ራሱ አንዳንዴ ግራጫ ነው። እሳት ደግሞ ነገሩን ጨርሶ ያበላሸዋል፤ ክሮሲዶላይት በደንብ ሲሞቅ ሰማያዊነቱን ጥሎ ቡናማ ይሆናል። በቃጠሎ ከተጎዳ ሕንፃ የወጣ ሰሌዳ ላይ በቀለም መፍረድ እንግዲህ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ተመልከቱ።

የላይተሩ ፈተናም አለ። «ክሩን መዘህ አውጣና ለኩሰው፤ ከነደደ ወረቀት ነው፣ ከቀለጠ ፕላስቲክ ነው፣ እንዳለ ከቀረ አስቤስቶስ ነው» ይባላል። ሲሰሙት ደስ ይላል፣ ብልሃትም ይመስላል። ሦስት ችግር አለበት። የመስታወትና የድንጋይ ሱፍም በላይተር አይነድም። ከዚያ ደግሞ አንድ ሰሌዳ ውስጥ የወረቀትም የአስቤስቶስም ክር አብሮ ሊኖር ይችላል፤ የመዘዛችሁት ወረቀቱን ከሆነ «ነጻ ነው» ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ሦስተኛው ግልጽ ነው፤ ክር ለመምዘዝ ሰሌዳውን ሰብራችሁ፣ ፊታችሁን አስጠግታችሁ፣ እፍ እያላችሁ ነው። ልትሸሹት ያሰባችሁትን ነገር ራሳችሁ ሳባችሁት ማለት ነው።

ዕድሜውስ? ዕድሜ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። ጣሊያን አስቤስቶስን በ1992 (እ.ኤ.አ.) ከለከለች፣ የአውሮፓ ኅብረት በሙሉ በ2005፣ ደቡብ አፍሪካ በ2008። ሩሲያ፣ ካዛኪስታንና ቻይና ግን ክሪሶታይል ዛሬም ይቆፍራሉ፣ ህንድም ለጣራ ሰሌዳ በብዛት ታስገባለች። ስለዚህ «አዲስ ነው፣ ከውጭ ነው የመጣው» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም። መጠየቅ ያለበት ከየት አገር እንደመጣና ውስጡ ምን ክር እንደገባበት ነው።

ማይክሮስኮፕ ስር ምን ይታያል?

እውነተኛው መልስ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ሥራውም ከሚታሰበው በላይ ቀላልም ከባድም ነው።

ላቦራቶሪ የሚደርሰው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ስባሪ ናት። መጀመሪያ አየር በሚስብ ሳጥን ውስጥ ትቀመጥና አሥር እጥፍ፣ ሃያ እጥፍ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ስብራቷ ይታያል። ከግራጫው ሲሚንቶ ጫፍ ላይ ክሮች ብቅ ብቅ ይላሉ። ሲሚንቶው ካስቸገረ ቀጠን ያለ አሲድ ጠብ ይደረግበታል፤ አረፋ ይነሳል፣ ኖራው ይሟሟል፣ ክሩ ይቀራል። መርማሪው ከዚያ በመቆንጠጫ ጥቂት ክር ያነሳና መስታወት ላይ አንድ ጠብታ ልዩ ፈሳሽ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ምስጢሩ ፈሳሹ ነው። ብርሃን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲገባ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ምን ያህል እንደሚቀይር በቁጥር ይገለጻል፣ የብርሃን ስብራት መጠን እንበለው። እያንዳንዱ ማዕድን የራሱ ቁጥር አለው። የክሩና የፈሳሹ ቁጥር ሲገጥም ክሩ ጠርዙ ይጠፋል፣ ልዩ ሌንስ ሲጨመርም በጠርዙ ላይ የታወቁ ቀለሞች ያወጣል። ክሪሶታይል ቁጥሩ 1.55 አካባቢ ስለሆነ መርማሪው በዚያ ፈሳሽ ይጀምራል። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ወይን ጠጅና ሰማያዊ ካወጣ ጥርጣሬው ወደ ነጩ ያዘነብላል። ካላወጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ አሞሳይት 1.68 አካባቢ፣ ክሮሲዶላይት ደግሞ 1.70 አካባቢ ነው።

ቀጥሎ ብርሃኑ ራሱ ይጠመዘዛል። ማይክሮስኮፑ ፖላራይዝድ የሚባል፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን ይጠቀማል። ሁለት ማጣሪያዎች ተቃራኒ ሆነው ሲቀመጡ መስኩ ይጨልማል። የመስታወት ሱፍ እዚህ ላይ ይጋለጣል፤ ናሙናው የተቀመጠበትን መድረክ ወደፈለጉት ቢያዞሩት እንደጨለመ ይቀራል። አስቤስቶስ ግን ያበራል፣ ሲዞር ይጠፋል፣ እንደገና ያበራል። አንዱን ማጣሪያ አንስተው መድረኩን ሲያዞሩት ደግሞ ክሮሲዶላይት ቀለሙን ከሰማያዊ ወደ ግራጫ ይለዋውጣል። ብርሃን በክሩ ቁመት ሲሄድና በወርዱ ሲሄድ የሚያሳየው ፍጥነትም ክሮሲዶላይትን ከቀሩት ሁለቱ ይለየዋል። አንዱ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ሦስት አራቱ ሲገጥሙ ነው ስም የሚሰጠው።

አቅሙ የሚያልቅበት ቦታም አለ። የፕላስቲክ ወለል ንጣፍ ውስጥ የገባው ክር በጣም ደቆ ስለሚገባ በብርሃን ማይክሮስኮፕ ላይታይ ይችላል። እሳት የገረፈው ማዕድንም ባሕርይው ይቀየራል። ያኔ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ እሱ ክሩን ከማጉላት አልፎ ምን ንጥረ ነገር እንዳለው ያሳያል። ማግኒዥየምና ሲሊኮን በብዛት ካለ ክሪሶታይል፣ ብረት ከበዛበት አሞሳይት፣ ከብረቱ ጋር ሶዲየም ብቅ ካለ ክሮሲዶላይት። የኤክስሬይ መሣሪያም ማዕድኑን ይናገራል፣ ግን ማዕድኑ ክር ሆኖ ይሁን ሳይሆን አይለይም፤ መጠኑ ጥቂት ከሆነም ያልፈዋል።

አንድ ነገር አይምታታ። የአየር ምርመራ ሌላ ነው። እሱ ማጣሪያ ላይ ያረፉ ክሮችን ይቆጥራል፦ ከ5 ማይክሮ ሜትር የሚረዝሙ፣ ከ3 ማይክሮ ሜትር የሚቀጥኑ፣ ቁመታቸው ከወርዳቸው ቢያንስ ሦስት እጥፍ የሆኑ (ማይክሮ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። የተለመደው የአየር ቆጠራ የክሩን ዓይነት አይናገርም። «አየሩ ተለክቷል» የሚል ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ስለ ሰሌዳው ምንም አልነገራችሁም።

እዚህ ላይ የግሌን ልበል። ፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ ከሰማይ የወረደ ዕቃ አይደለም። የጂኦሎጂ ተማሪ ድንጋይ የሚያይበት የዘወትር መሣሪያ ነው። የሚከብደው ፈሳሾቹን ማሟላት፣ ለማመሳከሪያ የታወቁ ናሙናዎች መያዝና ዓይኑ የሠለጠነ፣ ሥራውንም ሌላ ሰው የሚፈትሽለት መርማሪ ማፍራት ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፣ የቴክኖሎጂ ተቋሙም ኮምቦልቻ ነው። ይህን አገልግሎት ለአካባቢው መስጠት ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የማይደረስበት ሕልም አይመስለኝም፤ ይህን ሁሉ ማፍረስ ባለበት ጊዜ ደግሞ ሥራ አያጣም።

«ነጩ ችግር የለውም» የሚለው ክርክር

ይህን ክርክር በአንድ ቃል ማጣጣል ልክ አይሆንም፤ መሠረት አለው።

የሚሟገቱለት የሚሉት ይሄ ነው፦ ክሪሶታይል ሳንባ ውስጥ ሲገባ ከአምፊቦሎቹ ቶሎ ይሰባበራል፣ ይሟሟል። አምፊቦሎቹ ግን ለዓመታት እዚያው ይቀመጣሉ። ነጭ የደም ሴሎች ረጅሙን ክር ሊውጡት ሲሞክሩ ያቅታቸዋል፤ ቁጣው (እብጠቱና ቁስለቱ) አያቆምም፣ በመጨረሻ ጠባሳ ወይም ካንሰር ይሆናል። ይህ ልዩነት በቁጥርም ይታያል። በ2000 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ታዋቂ የብሪታንያ ግምገማ ሜሶቴሊዮማን፣ ማለትም የሳንባና የሆድ ዕቃ ሽፋን ካንሰርን በማምጣት አቅም ነጩን 1 ቢለው ቡናማውን 100፣ ሰማያዊውን 500 አካባቢ ብሎ ገምቷል። ልዩነቱ እንግዲህ እውነት ነው፤ ሰማያዊው የባሰ ነው የሚለው ሰውዬ አልዋሸም።

ግን «ያንሳል» እና «የለም» አንድ አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ስድስቱም ዓይነት ካንሰር ያመጣሉ ይላል፤ የሳንባ፣ የማንቁርት፣ የማኅፀን እንቁላል ቤት ካንሰርና ሜሶቴሊዮማ። ከካንሰር ውጭም አስቤስቶሲስ አለ፤ ሳንባ በጠባሳ እየደደረ ትንፋሽ የሚያሳጥር በሽታ ነው። ለሳንባ ካንሰር ሲሆን በዓይነቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ከሜሶቴሊዮማው በጣም ይጠባል። የሚያጨስ ሰው ላይ ደግሞ አደጋው ይባዛል።

ሌላው ነገር ንጹሕ ነጭ ማግኘቱ ነው። ከላይ የጠቀስነው ትሬሞላይት በአንዳንድ የክሪሶታይል ማዕድን ማውጫ አብሮ ይወጣል። ከረጢቱ ላይ «ክሪሶታይል» ተጽፎ ውስጡ ሌላም ሊኖር ይችላል።

ፖለቲካውም አለበት። ሮተርዳም ስምምነት የሚባለው፣ አገሮች አደገኛ ኬሚካል ከመላኩ በፊት ለተቀባዩ እንዲያሳውቁ የሚያስገድደው ውል፣ አምስቱን አምፊቦሎች በዝርዝሩ ይዟል። ክሪሶታይልን ለመጨመር ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተደጋጋሚ ተሞክሯል። ውሳኔው የሁሉንም ስምምነት ስለሚጠይቅ አምራችና ሻጭ አገሮች አግደውታል። «ነጩ እኮ በዓለም አቀፍ ዝርዝር ውስጥ የለም» የሚለው ወሬ ምንጩ ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ያልገባው ደህና ነው ስለተባለ አይደለም።

አምራቾቹ «በጥንቃቄ ከተያዘ ችግር የለም» ይላሉ። በወረቀት ላይ ያስኬዳል። ግን ሰኞ ገበያ አካባቢ ሰሌዳ በግራይንደር የሚቆርጥ ልጅ፣ አፍንጫው ላይ ሻሽ ጠምጥሞ፣ አቧራው መንገደኛው ላይ እየወረደ፣ ጥንቃቄው የቱ ጋ ነው? በእኔ ግምት ክርክሩን የሚፈታው ይሄ ነው። ሲሚንቶ ውስጥ ተቀብሮ የተቀመጠ ክሪሶታይል ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ የሚቆርጠው፣ የሚሰብረውና የሚጠርገው ሰው ግን ስለዚያ ጥንቃቄ ሰምቶ አያውቅም።

ጉዳቱ ሠራተኛ ላይ ብቻ እንደማይቆም ካሳዩት ከተሞች አንዷ የጣሊያኗ ካዛሌ ሞንፌራቶ ናት። የኢተርኒት ፋብሪካ ከ1907 እስከ 1986 (እ.ኤ.አ.) ሠርቶባታል፤ ነጩም ሰማያዊውም ይገባ ነበር። በፋብሪካው ደጅ ያልደረሱ የከተማው ሰዎችና የሠራተኛ ልብስ ያጠቡ ሚስቶች ጭምር በሜሶቴሊዮማ ሞተዋል። በሽታው ከተጋለጡበት ጊዜ በኋላ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ስለሚመጣም ፋብሪካው ተዘግቶ እንኳ ሞቱ አላቆመም። ዛሬ የሚያስል ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ «ድሮ ምን ትሠራ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

ታዲያ ዓይነቱን ማወቅ መቼ ይጠቅማል?

ጣራ ለሚያወርደው ሰው ብዙም አይጠቅምም። ለሱ ሁለት ጥያቄ ይበቃዋል፦ አስቤስቶስ አለው ወይስ የለውም? ይፈረፈራል ወይስ ጠንካራ ነው? ሁለተኛው ጥያቄ ከዓይነቱ ይበልጥ ብዙ ነገር ይወስናል። በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈር ነገር ክሩን በቀላሉ ይለቃል፤ ጠንካራ ሰሌዳ ካልሰበሩት ብዙም አይለቅም። ላቦራቶሪ መላክ ካልተቻለ መልሱ «አለው» ተብሎ ይያዝ። ተሳስተን ብንጠነቀቅ የምናጣው ትንሽ ድካም ነው።

ጠንካራ የሚባለውም ግን ለዘላለም ጠንካራ አይደለም። የደሴ ዝናብና ጉም የሰሌዳውን ፊት ቀስ እያለ ያጥበዋል፣ የድንጋይ ሽበት ይበቅልበታል፣ ሲሚንቶው ሲሸረሸር ክሩ ራቁቱን ይቀራል። አሸንዳ ውስጥ የሚጠራቀመው ግራጫ ዝቃጭ ከዚያ የመጣ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ ፀሐዩ ያደርቀዋል። በሁለቱም ከተማ አርባ ዓመት ያለፈው ጣራ ላይ መውጣት፣ በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ወይም ለቀለም ተብሎ ማሸት አይገባም። ሰሌዳው በእግር ሲረገጥ እየተሰበረ ሰው ይዞ መውደቁም ሌላ የታወቀ አደጋ ነው።

ዓይነቱ የግድ የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። የቦይለር ቤት ወይም የትልቅ ተቋም እድሳት ሲሆን ቅድሚያ የሚሰጠውን ለመምረጥ አምፊቦል መኖሩን ማወቅ ይጠቅማል። አዲስ ዕቃ ከውጭ ሲገባ አስመጪው የጻፈው እውነት መሆኑን ለማረጋገጥም ያስፈልጋል። የታመመ ሠራተኛ ጉዳይ ሲጣራ የክሩ ዓይነት ከየት እንደመጣ ሊጠቁም ይችላል።

ናሙና ሲወሰድ፣ ሰሌዳም ሲወርድ

ናሙና ለመውሰድ ሰሌዳው በውሃ ይርጠብ፤ ውሃው ውስጥ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ቢገባ ይበልጥ ይሰርጋል። ከተሰበረ ጠርዝ ትንሽ በፒንሳ ቆርጦ በሁለት ፌስታል አሽጎ፣ ከየት እንደተወሰደ ጽፎ መላክ ነው። የተቆረጠበት ቦታ በቀለም ወይም በፕላስተር ይለበድ። አንድ ሕንፃ ላይ የተለያየ ዘመን ሰሌዳ ካለ ከያንዳንዱ ይወሰድ፤ አንዱ ነጻ ሆነ ማለት ሁሉም ነጻ ነው ማለት አይደለም። የሚፈረፈረውን ልባስ ግን ያልሠለጠነ ሰው ባይነካው ይሻላል።

ሲወርድ መዶሻም ግራይንደርም አይነካውም። በውሃ እየተረጨ ቡሎኑ ይፈታል፣ ሰሌዳው ሙሉውን እየተቀባበሉ ይወርዳል። ከላይ ወርውሮ መጣል የለም። ሻሽም ሆነ የኮቪድ ጊዜው ስስ ማስክ ይህን ክር አይዙትም፤ ፊት ላይ የሚገጥምና ደቃቅ አቧራ የሚያጣራ መሆን አለበት። ደረቅ መጥረጊያ አይነሳ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይሰብሰብ። ልብሱ ቤት ሄዶ ከልጆች ልብስ ጋር እንዳይታጠብ።

ስባሪው ወፍራም ላስቲክ ተጠቅልሎ ለብቻ ይቀመጥ። ከሌላ ፍርስራሽ ጋር ተፈጭቶ ለመሙያ አፈር እንዳይውል፣ ቦርከና ዳርም እንዳይደፋ። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥቷል፤ አሠሪ የሠራተኛውን ደህንነት እንዲጠብቅ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያስገድዳል። ስለዚህ ማፍረሻ ውል ሲፈረም «የአስቤስቶስ ምርመራና አወጋገድ» የሚል አንድ መስመርና ዋጋ ቢገባበት ሕጉ መሬት ላይ ወረደ ማለት ነው። ዋጋ ያልተቆረጠለትን ሥራ ተቋራጭ አይሠራውም።

ስለ ውሃ ቧንቧና ስለ ዶሮ ቤቱ

የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ቧንቧ በዓለም ብዙ ከተሞች መሬት ውስጥ አለ። «ውሃው ይመርዘናል?» ለሚለው የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ያለ አስቤስቶስ ጤና እንደሚጎዳ ወጥ የሆነ ማስረጃ ስላልተገኘ የገደብ ቁጥር አላስቀመጠም፤ አሜሪካ ግን ለጥንቃቄ ብላ በሊትር 7 ሚሊዮን ረጃጅም ክር የሚል ገደብ አላት። የሚያሳስበው ቧንቧው ሲቆረጥ ነው። የደሴ መሬት መንሸራተት ያለበት ነው፣ ቧንቧ ይሰብራል፤ ጠጋኙ ጉድጓድ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አሮጌ የሲሚንቶ ቧንቧ በደረቁ በግራይንደር ቢቆርጥ አቧራው በሙሉ ፊቱ ላይ ነው የሚያርፈው። በእጅ መጋዝ፣ ውሃ እያፈሰሱ መቁረጥ ብዙ ይቀንሰዋል።

ዶሮ ቤት ላይ ወይም አጥር ላይ ቀድሞ የተመታ ሰሌዳ ያለው ሰው ደግሞ ዛሬውኑ ሄዶ ይንቀለው አይባልም። ካልተሰበረና ካልተፈረፈረ ባለበት ቢቀመጥ ከመነቃቀል ይሻላል። ሚስማር አይጨመርበት፣ አይቦረቦር፣ ልጆች ስባሪውን መጫወቻ እንዳያደርጉት ይታይ። በሌላ ምክንያት ሲነሳ ግን ለጎረቤት አይሰጥ፣ ለአሮጌ ዕቃ ገዢም አይሸጥ።